የበረዶ ግግር ላይ ያሉትን እንስሳት ብርድ ሳይሆን ሙቀት ነው የሚገድላቸው

ጥያቄህ ይሄ ነበር፦ «የበረዶ ግግር ላይ ጥቁር ጥቁር ጉድጓዶች በቪዲዮ አየሁ። ውስጣቸው በዓይን የማይታዩ እንስሳት አሉ ይባላል። እውነት ነው? ከሆነስ ምን ይበላሉ? ብርዱ እንዴት አይገድላቸውም? እኛስ አገር ይኖሩ ይሆን?»

እውነት ነው ወንድሜ። በዓይኔ አይቻለሁ፤ በማይክሮስኮፕ ማለቴ ነው። ኦስትሪያ ማስተርሴን ስማር ሁለት ክረምት ለዶክትሬት የምትሠራ ልጅ ናሙና ስሸከም ከረምኩ። ክረምት ያልኩት በእኛ ነው፤ ለእነሱ በጋ ነው። ቦታው ኦትስታል የሚባል ሸለቆ ነው። ያ ከ5 ሺህ ዓመት በላይ በረዶ ውስጥ ቆይቶ በ1991 የተገኘው ሰውዬ፣ ኦትሲ፣ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ውርጭ አዲሴ አይደለም። እዚያ መጀመሪያ የገረመኝ ብርዱ ሳይሆን ውሃው ነው። ፀሐይ የወጣ ቀን የበረዶ ግግር ዝም አይልም። ይንጠባጠባል፣ ይንቆረቆራል፣ ከእግርህ ስር ቦይ ቦይ እየሠራ ይወርዳል። ይሄን ያዝልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጉድጓዶቹ የሚፈጠሩት እንዲህ ነው። ነፋስ አፈር፣ የድንጋይ ዱቄትና ጥቀርሻ አምጥቶ በረዶው ላይ ይበትናል። ጥቁር ነገር የፀሐይ ሙቀት ይስባል፤ ስሩ ያለውን በረዶ ያቀልጥና ይሰምጣል። እየሰመጠ ሲሄድ የሚደርሰው ብርሃን ስለሚቀንስ ፍጥነቱም ይቀንሳል፤ ከዚያ በኋላ ዙሪያው ያለው በረዶ በሚቀልጥበት ልክ ብቻ ይወርዳል። እኛ ያየናቸው አብዛኞቹ ከጣት እስከ ስንዝር የሚጠልቁ ነበሩ። አፋቸው ክብ ነው፣ ውሃቸው ኩልል ያለ፣ ስራቸው ጥቁር። ደለሉን «ክራዮኮናይት» ብሎ የሰየመው ኖርደንሾልድ የተባለው ስዊድናዊ አሳሽ ነው፣ በ1870 ግሪንላንድ ላይ። ከግሪክኛ የተወሰደ ነው፣ «የበረዶ አቧራ» እንደማለት።

ይሄን ደለል በጣትህ ብታሸው ጀበና ስር የሚቀረውን አተላ ይመስልሃል። ድቡልቡል ፍሬ ፍሬ አለው። ፍሬዎቹን የሚሠሩት ሳይኖባክቴሪያዎች ናቸው። እንደ ክር ቀጫጭን ናቸው፤ አቧራውን ጠቅልለው ይሰፉታል። ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚያዘጋጁትም እነሱና አልጌ የሚባሉት ደቃቅ ዕፅዋት መሰል ነገሮች ናቸው። ምን ይበላሉ ላልከው መልሱ ይሄ ነው፤ የጉድጓዱ እርሻ እዚያው ጉድጓዱ ስር አለ። ነፋስ የሚያመጣው ብናኝም ይጨመርበታል።

በላተኞቹ በዋናነት ሁለት ናቸው፤ ታርዲግሬድና ሮቲፈር።

ታርዲግሬድን ሳታውቀው አትቀርም። ባለ 8 እግር ነው፣ ወፈር ያለ፣ ሲራመድ የሚንገዳገድ። ጀርመናዊው ጎዘ በ1773 «ትንሽ የውሃ ድብ» ብሎታል። ድብ በአገራችን የለምና ለእኔ ገና የጠገበ ጥጃ ነው የሚመስለኝ። አፉ ውስጥ መርፌ የመሰሉ ሁለት ሹል ነገሮች አሉ፤ የአልጌውን ሴል ወግቶ ይመጠዋል። ኢንተርኔት ላይ የምታየው ነጣ ያለ ነው። እኛ ኦትስታል ያየነው ግን ጥቁር ነው። ክራዮባዮተስ ክሌብልስበርጊ ይባላል፤ በ1959 የተመዘገበ፣ ኦትስታልም ያለበት የአልፕስ ተራሮች በረዶ ዝርያ ነው። ጥቁረቱ በዚያ ከፍታ ከሚያቃጥለው ጨረር ሳይከልለው አይቀርም ተብሎ ይታሰባል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ጥቁር አዝሙድ እግር አውጥቶ የሚሄድ ነው የመሰለኝ። ርዝመቱ ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም።

በጣም የወደድኩት እንቁላሉን ነው። እናቲቱ ቆዳዋን ስትቀይር እንቁላሎቿን አሮጌው ቆዳ ውስጥ ትታ ትወጣለች። መስታወቱ ስር ባዶ ቆዳ ታያለህ፣ ጥፍሮቹ ሳይቀሩ አሉ፣ ውስጡ ግን እንቁላል ተደርድሯል። ያን ቀን ምሳ ረሳሁ።

ሮቲፈሩ ደግሞ ከጭንቅላቱ ላይ መንኮራኩር የሚሽከረከር ይመስላል። የሚንቀሳቀሱ ጸጉሮች ናቸው፤ ውሃውን እየጎተቱ ብናኝና ባክቴሪያ ወደ አፉ ያስገባሉ። እዚያ የሚገኙት ዴሎይድ የሚባሉት ወገኖች ወንድ የላቸውም። ሁሉም ሴት ናቸው፣ ያለ ወንድ ይወልዳሉ። አንዲት ብቻ ነፋስ ካመጣት አዲስ ጉድጓድ ለመሙላት ትበቃለች ማለት ነው።

ያልጠበቅኩት ነገር የኔማቶድ አለመኖር ነው። እነዚህ ደቃቅ ትሎች በዓለም ላይ በብዛት የሚስተካከላቸው እንስሳ የለም፤ የትም አፈር ብታፍስ አሉ። አልፕስና አርክቲክ በረዶ ላይ ባሉት ጉድጓዶች ግን የሉም ማለት ይቻላል። አንታርክቲካ ደረቅ ሸለቆዎች ውስጥ ያሉት፣ አፋቸው በበረዶ ክዳን የተዘጋው፣ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ አሉ።

አሁን ወደ ብርዱ። ሰው ሁሉ ይሄን ነው የሚጠይቀኝ፣ እኔ ደግሞ ጥያቄው ተገልብጧል ባይ ነኝ። የጉድጓዱ ውሃ ከዜሮ ዲግሪ እምብዛም ፈቅ አይልም። ቀን እንደዚያው ነው፣ ማታ ላዩ ይጋገራል፣ ጠዋት ይፈታል። እንስሶቹ ለዚህ የተሠሩ ናቸው። የሚያስቸግራቸው መታጠብ ነው። ያን ያዝልኝ ያልኩህን ውሃ አስታውስ። አንድ ሳምንት ጉድጓዶችን በቀርከሃ እንጨት ምልክት አድርገን ወረድን። ሌሊቱን ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ስንመለስ እንጨቶቹ ቆመዋል፣ ግማሾቹ ጉድጓዶች ግን የሉም፤ ደለሉ ተጠርጎ ሄዷል። ለዚህ ይመስለኛል አንዱ ጉድጓድ በታርዲግሬድ ተሞልቶ፣ ክንድ የማይርቀው ጎረቤቱ ባዶ የሚሆነው።

ሙቀት ምን እንደሚያደርጋቸው ያየሁት በራሴ ጥፋት ነው። ሮቲፈርን አልኮል ውስጥ ብትጨምረው ተኮማትሮ ክብ ይሆናል፤ ዝርያውን መለየት አትችልም። ስለዚህ በሕይወት እያለ ነው የሚታየው። አንድ ማታ ደክሞኝ የናሙናውን ሳጥን ፍሪጅ ውስጥ ሳላስገባ ተኛሁ። ጠዋት ብናይ ጥቁሮቹ ነጥቦች ሁሉ ሞተው ቀጥ ብለዋል። ልጅቷ ምንም አላለችኝም። ቦርሳዬን ብቻ አቀበለችኝና እንደገና ወደ ላይ ወጣን፣ የ3 ሰዓት ዳገት።

እና «ታርዲግሬድ አይሞትም» የሚሉትን አትስማ። እርግጥ አንታርክቲካ ላይ በ1983 የተሰበሰበ ሞስ (ድንጋይና ዛፍ ላይ የሚለጠፈው አጭር አረንጓዴ ተክል) ውስጥ 30 ዓመት በረዶ ሆነው የቆዩ ታርዲግሬዶች ነቅተዋል። ሳይቤሪያ ውስጥ ደግሞ 24 ሺህ ዓመት ገደማ የቀዘቀዘ አፈር ውስጥ የነበረ ሮቲፈር ነፍስ ዘርቶ መራባቱ በ2021 ታትሟል። ግን ሁለቱም ከበረዶ ግግር ጉድጓድ የመጡ አይደሉም። ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ ደግ አይደለም።

ሌላ ቦታ ሌላ ጎረቤት አለ። ሂማላያ ላይ፣ ኔፓል ውስጥ ያላ በሚባለው ግግር፣ መብረር የማትችል ትንኝ በረዶው ላይ ስትራመድ ኮሺማ የተባለ ጃፓናዊ በ1984 አሳትሟል። ሲያትል ያላችሁ ደግሞ ሬይኒር ተራራ ላይ የበረዶ ትል ማየት ትችላላችሁ። ይሄኛው በዓይን ይታያል፤ አመሻሽ ላይ ወጥቶ አልጌ ይበላል፣ ሲነጋ ተመልሶ ይገባል።

እኛ አገር ላልከው፣ ዛሬ የበረዶ ግግር የለንም። ባሌ ላይ፣ ሳነቴ፣ በበረዶ ዘመን ነበረን፤ ቀልጦ አልቋል። በአካባቢያችን ካሉት አንዱ ኡጋንዳ ነው። ሩዌንዞሪ ላይ፣ እየጠፋ ባለው ግግር፣ ሞስ እየተድቦለቦለ ይበቅላል። እዚያ ውስጥ የተገኘ አዲስ ታርዲግሬድ በ2018 ተሰይሟል፤ አድሮፒዮን አፍሮግላሲያሊስ ይባላል። አልፕስም ቢሆን አይቆይም፤ ስዊዘርላንድ በ2022 እና 2023 ብቻ ከበረዶ ግግሯ አሥር በመቶ አጥታለች።

ታርዲግሬድ ለማየት ግን በረዶ አያስፈልግህም። ግንብ ወይም ዛፍ ላይ ያለውን አረንጓዴ ሞስ ቆንጥር። ሰሃን ላይ ገልብጠህ ንጹህ ውሃ አፍስስበት፤ የዝናብ ውሃ ቢሆን ይመረጣል። አንድ ሌሊት አሳድረው። ጠዋት ጨምቀውና ውሃውን 40 ጊዜ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ እየው። በመጀመሪያው ካጣህ ሌላ ግንብ ሞክር፤ እኔ በአራተኛው ነው ያገኘሁት።