ሴሎቹ «ለዕጢው ደረሱ» ይባላል?

ጥያቄ፦ ደሴ የምሠራ ነርስ ነኝ። ለግድግዳ ጋዜጣችን «አዲሱ ሕክምና የተሻሻሉ ነጭ የደም ሴሎች ለጠጣር ዕጢ እንዲደርሱ ያደርጋል» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ «ለዕጢማ አይደረስም» ብሎ ሳቀብኝ። ምኑ ነው ስህተቱ?

መልስ፦ ሳቁ ቢቀር ደግ ነበር፤ ነገሩ ግን ልክ ነው። «ለ» እና «ደረሰ» ሲገናኙ ብዙ ጊዜ እርዳታን ያመጣሉ። ሰው ሲጨንቀው «ድረሱልኝ!» ይላል። ስለዚህ በእርስዎ ዓረፍተ ነገር ሴሎቹ ካንሰሩን ሊያግዙ የሮጡ ይመስላሉ። «በ» ስትገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ አደጋ ይደርስበታል፤ ፖሊስ ሌባውን ይደርስበታል። «ዕጢውን ደረሱበት» ቢሉ እንዲያውም ያምራል፤ የተደበቀን የማግኘት ስሜት አለው። ቦታውን ብቻ ለመናገር «ዕጢው ጋ ደረሱ» ይበቃል።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ራሱ «ደረሰ» ነው። ካር-ቲ የሚባለው ሕክምና የታካሚውን ቲ-ሴል (አንዱን የነጭ የደም ሴል ዓይነት) ከደሙ ይወስዳል፤ ካንሰርን የሚለይ ተቀባይ ያስታጥቀዋል፤ አባዝቶ ይመልሰዋል። አሜሪካ በ2017 እ.ኤ.አ. ለደም ካንሰር ፈቅዳዋለች። እዚያ ሴሎቹ ካንሰሩን በቀላሉ ያገኙታል። እንደ ቆሽት ካንሰር ያለ ጠጣር ዕጢ፣ ማለትም እብጠት የሠራ ካንሰር፣ ግን ዙሪያውን ኮላጅን የሚባል ጠንካራ የፕሮቲን ክር በበዛበት አጥር ይታጠራል። ብዙ ቲ-ሴሎች ጠርዙ ላይ ቆመው ይቀራሉ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ላይ እንደታገደ ሰው። ደርሷል፤ አልገባም።

ተመራማሪዎቹም ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚሠሩት። ዕጢው ኬሞካይን የሚባሉ ኬሚካሎችን ይረጫል። ቲ-ሴሉ እነሱን ተከትሎ እንዲሄድ ሲኤክስሲአር2ን የመሰለ ተቀባይ ይጨምሩለታል። እዚህ ላይ «ወደ ዕጢው እንዲያመሩ» ይበሉ። አጥሩን የሚያሟሟ ኢንዛይም እንዲያመነጭ ካደረጉት ደግሞ «ዘልቀው እንዲገቡ» ነው ቃሉ።

«ጠጣር ዕጢ» ጥሩ ነው፣ አይንኩት። «ያደርጋል» ግን ይቅር። በዘረመል የተሻሻለ ቲ-ሴል ለጠጣር ዕጢ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው፤ እሱም ሲኖቪያል ሳርኮማ ለሚባል ብርቅ ካንሰር። ሌላው በአብዛኛው ሙከራ ላይ ነው። ጋዜጣውን ታካሚም ያነበዋልና «ያደርጋል» ካሉት ነገ መጥቶ «የት ነው የሚሰጠው?» ይልዎታል። እንዲህ ቢያደርጉትስ፦ «የተሻሻሉ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ጠጣር ዕጢ ዘልቀው እንዲገቡ ለማድረግ እየተሞከረ ነው።»