ውኃ «ንጥረ ነገር» ይባላልን?

ጥያቄ፦ በአንድ የጤና ጽሑፍ ላይ «ሰውነታችን ውኃ፣ ፕሮቲን፣ ካልሲየምና ኦክስጅን ከተባሉ ንጥረ ነገሮች የተገነባ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አነበብሁ። የሳይንስ መምህርት የሆነችው እኅቴ ስሕተት ነው ትላለች፤ እኔ ግን ቃሉ እንዲህ ሲነገር ዘወትር ስለምሰማ ስሕተቱ አልታየኝም። ማንኛችን ትክክል ነን?

መልስ፦ በተለምዶ ንግግር «ንጥረ ነገር» አንድ ነገር የተሠራበትን ማንኛውንም ቁስ ለማመልከት ስለሚያገለግል፣ እርስዎ የሚሰሙት አጠቃቀም በእርግጥ አለ። ሆኖም ጽሑፉ ሰውነት ከምን እንደተሠራ ለማስረዳት የተነሣ በመሆኑ በዚህ ቦታ እኅትዎ ትክክል ናቸው።

ስያሜው «ነጠረ» ከሚለው ግሥ የተገኘ ነው። ወርቅ በእሳት ቀልጦ ከባዕድ ነገር ሲለይ ነጠረ ይባላል፤ በኬሚስትሪም ቃሉ የተመደበው በኬሚካዊ መንገድ ከዚያ ወደ ቀለለ ነገር ሊከፋፈል ለማይችል ነገር ነው። ኦክስጅንና ካልሲየም በዚህ መስፈርት ያልፋሉ። ውኃ ግን ኤሌክትሪክ ሲተላለፍበት ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ስለሚለያይ ንጥረ ነገር ሊባል አይችልም፤ ትክክለኛ ስሙ «ውሁድ»፣ ማለትም የተለያዩ ንጥረ ነገሮች በኬሚካዊ መንገድ ተዋሕደው የሚፈጥሩት ነገር፣ ነው። ፕሮቲንም አሚኖ አሲድ የሚባሉ ትናንሽ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተያይዘው የሚፈጥሩት ትልቅ ሞለኪውል ሲሆን፣ በውስጡ ካርቦን፣ ሃይድሮጅን፣ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ሁልጊዜ ይገኛሉ። «ውሁድ»ን ከ«ድብልቅ» ጋር ማምታታትም አይገባም፤ ውሁድ የተዋሐደ፣ ድብልቅ ግን በኬሚካዊ መንገድ ሳይዋሐድ እንዲሁ የተደባለቀ ነውና። ደም ለምሳሌ ድብልቅ ነው።

በእኔ እይታ ግን የዓረፍተ ነገሩ ዋና ጉድለት የአንዲት ቃል ምርጫ ሳይሆን ጠቅላላውንና ክፍሉን ጎን ለጎን መደርደሩ ነው። ከሰውነታችን ክብደት 65 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው ሲባል፣ አብዛኛው ኦክስጅን በአየር መልክ ሳይሆን በውኃ ውስጥ ከሃይድሮጅን ጋር ተዋሕዶ የሚገኝ ነው። እንግዲህ ውኃንና ኦክስጅንን በአንድ ዝርዝር መጥቀስ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መቁጠር ይሆናል። ካልሲየምም እንዲሁ ነው፦ ንጹሕ ካልሲየም ከውኃ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን የሚያስወጣ ብረታማ ነገር ስለሆነ በዚያ መልኩ በሰውነት ውስጥ ሊቀመጥ አይችልም፤ በአጥንት ውስጥ ያለው ከፎስፈረስና ከኦክስጅን ጋር በውሁድ መልክ ነው። ስለዚህ ስለ ንጥረ ነገር ስንጽፍ «በአጥንት ውስጥ ካልሲየም ይገኛል» ማለት «አጥንት ካልሲየም ነው» ከማለት የተሻለ ነው።

ጸሐፊው ስለ አመጋገብ ሊናገር ፈልጎ ቢሆን ኖሮ «ንጥረ ምግብ» የሚለው ቃል ችግሩን ያቃልልለት ነበር፤ ውኃም፣ ፕሮቲንም፣ ካልሲየምም በዚህ ስም ሊጠሩ ይችላሉና። በዚያ ዘርፍ ካልሲየም «ማዕድን» መባሉም የተለመደ ነው። ይህ በኬሚስትሪ ንጥረ ነገር መሆኑን አያስቀረውም፤ አንዱ ነገር በሁለት ሙያዎች ሁለት ስም ቢኖረው ነውር አይደለም፣ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ማቀላቀሉ እንጂ።

በመቶኛ የሚጽፉ ሰዎችም «በክብደት» የሚለውን ቃል ሊተዉት አይገባም። በክብደት ኦክስጅን ይመራል፤ በአቶሞች ብዛት ከተቆጠረ ግን ሃይድሮጅን ይበልጣል፣ አቶሙ እጅግ ቀላል ስለሆነ።

ዓረፍተ ነገሩን እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ «ከሰውነታችን ክብደት 96 በመቶ የሚሆነው ኦክስጅን፣ ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ናይትሮጅን ከተባሉ አራት ንጥረ ነገሮች የተገኘ ሲሆን፣ እነዚህም ከሌሎች ጥቂት ንጥረ ነገሮች ጋር ተዋሕደው ውኃን፣ ፕሮቲንን፣ ስብንና ሌሎች ውሁዶችን ይሠራሉ።»