ሳፍሮን ዋልደን፦ በቅመም ስም የተጠራች ከተማ

ጥያቄ፦ የምሠራው ሻርጃ፣ ሰው ቤት ነው። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ እንግሊዝ ገብታ፣ ሳፍሮን ዋልደን በምትባል ትንሽ ከተማ አረጋውያን መንከባከብ ጀምራለች። ሳፍሮን እዚህ ሩዝ ላይ የምናደርገው ዘዕፈራን አይደል? የብርድ አገር ከተማ እንዴት በሱ ተጠራች? እህቴ ብቻዋን ስለሆነች ሐሳብ ገብቶኛል። ምን ዓይነት ቦታ ነው?
ት. ከሻርጃ

መልስ፦ የኔ እህት፣ አዎ፣ ያው ዘዕፈራኑ ነው። ከተማዋን አውቃታለሁ። ለንደን እያለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡር እየሄድኩ ገበያዋ ውስጥ ስዞር እውል ነበር።

የድሮ ስሟ ቺፒንግ ዋልደን ነው። «ቺፒንግ» በጥንቱ እንግሊዝኛ ገበያ ማለት ነው። እኛ አርብ ገበያ፣ ሐሙሲት እያልን ከተማ እንደምንሰይመው መሆኑ ነው። ገበያው እ.ኤ.አ. በ1141 በእቴጌ ማቲልዳ ፈቃድ ከጎረቤት ኒውፖርት ተነሥቶ ወደዚያ ተዛወረ። ዛሬም ማክሰኞና ቅዳሜ ይቆማል። አደባባዩ አጠገብ ያሉት ጠባብ መንገዶች ሥጋ ተራ፣ ጨርቅ ተራ የሚል ስም አላቸው። መጀመሪያ ሳነበው መርካቶ የገባሁ ነው የመሰለኝ። ድሮ ዕቃውን ዘርግቶ ይሸጥ የነበረው ነጋዴ ቀስ በቀስ እዚያው ቤት ሠራ፣ መንገዱም እንደጠበበ ቀረ።

ቅመሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የከተማዋ ዙሪያ የሳፍሮን ማሳ ነበር፤ ስሟም ከዚያ መጣ። ሐምራዊው አበባ የሚፈነዳው ብርዱ ሲጀምር ነው። ለቃሚዎቹ በማለዳ ይወጣሉ፣ ጎንበስ ብለው አበባውን ይለቅማሉ። ከዚያ ከያንዳንዱ አበባ ሦስቱን ቀይ ክሮች በጣት ነቅለው ያደርቃሉ። ሦስት ብቻ! አንድ ኪሎ እንዲሞላ 150 ሺህ ገደማ አበባ ይፈልጋል። አንቺ ሩዙ ላይ ቆንጠር አድርገሽ የምትጥያት የስንት ሰው ድካም እንደሆነች አስቢው። እነሱ ለምግብ ብቻ ሳይሆን ለጨርቅ ማቅለሚያና ለመድኃኒትም ይሸጡት ነበር።

በኋላ ከውጭ የሚገባው ረከሰ፣ ለቀማውም ጉልበት ይበላ ነበር። ገበሬው ወደ ገብስ ዞረ። ገብሱ ብቅል እየሆነ ለቢራ ጠማቂዎች ይሄድ ጀመር። አደባባዩ ላይ እ.ኤ.አ. በ1848 የተሠራው ትልቁ የእህል መገበያያ ሕንፃ ዛሬ ቤተ መጻሕፍት ነው። እህትሽ በእረፍቷ ቀን እዚያ ትግባ። ይሞቃል፣ መቀመጫ አለ፣ ማንም ለምን መጣሽ አይላትም። ለብቸኝነት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ቅዳሜ ደግሞ ዘንቢሏን ይዛ ገበያ ትውጣ። ከአንድ ሻጭ ሁለት ሦስቴ ስትገዛ ሰላምታ ይለምዷታል።

አንድ ነገር ንገሪያት፤ ባቡር ጣቢያው ከተማው ውስጥ አይደለም። ኦድሊ ኤንድ ይባላል፣ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ማታ ስትመለስ የአውቶቡሱን ሰዓት ቀድማ ትይ።

ከገበያው ከፍ ብሎ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለ። ውስጥ፣ ከቅስቶቹ በአንዱ ላይ የሳፍሮን አበባ በድንጋይ ተቀርጿል። ፎቶ አንስታ ትላክልሽ፤ አንቺም የማድቤትሽን ዘዕፈራን ፎቶ ላኪላት።