በርኖሱን በየትኛው ድረ ገጽ እንሽጠው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። እኔና ሁለት እህቶቼ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ላይ ሆነን የበግ ጸጉር ከሚፈትሉ እናቶችና ከሸማኔዎች እየተረከብን በርኖስ፣ ባና እና ዝተት እንሸጣለን። እስካሁን የምንሸጠው በቴሌግራም ቻናል ነው። ባለፈው ክረምት አንዱን በርኖስ ለሁለት ሰው ሸጠን ከአንደኛው ደንበኛ ጋር ተቀያየምን። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ አንድ ገዢ የባንክ ደረሰኝ ስክሪንሾት ላከልንና ዕቃውን ከሰደድንለት በኋላ ገንዘቡ ወደ ሒሳባችን ጨርሶ እንዳልገባ ደረስንበት። ከዚያ ወዲህ የራሳችን የኦንላይን ሱቅ ይኑረን ብለን ተስማምተናል። አንዱ የአክስታችን ልጅ ሾፒፋይ ይሻላችኋል ይላል፤ ወንድሙ ደግሞ ዎርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ በሚጫነው ዉኮሜርስ ይሠራ ይለናል። ሁለቱም የሚያሳዩን ገጽ ያምራል። የቱን እንምረጥ? ከመሐል ሜዳ።

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ የገጹን ማማር ለጊዜው ይተዉትና ሁለቱን የአክስትዎን ልጆች ለየብቻ አንድ ነገር ይጠይቋቸው፦ ደንበኛው የከፈለው ገንዘብ በየት በኩል አልፎ ወደ እኛ ሒሳብ ይገባል? በእኛ አገር የኦንላይን ሱቅ ምርጫ የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ ነው፤ ቀለሙም ቅርጹም በኋላ የሚደርስ ነው።

ሁለቱ ሥርዓቶች በአሠራራቸው በጣም ይለያያሉ። ሾፒፋይ እ.ኤ.አ. በ2006 ካናዳ ውስጥ የተመሠረተ ድርጅት ነው፤ መሥራቾቹ አስቀድመው የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ በኢንተርኔት ይሸጡ ስለነበርና በጊዜው የነበረው ሶፍትዌር ስላላረካቸው የራሳቸውን እንደሠሩ ይታወቃል። የብርድ አገር ዕቃ ሻጭ መሆናቸው ለመንዝ በርኖስ ሻጭ ሳያቀራርባቸው አይቀርም። ሾፒፋይን የሚጠቀም ነጋዴ በአንድ ትልቅ የገበያ ማዕከል ውስጥ ሱቅ እንደተከራየ ሰው ነው፤ ጥበቃው፣ ጽዳቱ፣ ጥገናው ሁሉ የአከራዩ ሥራ ነው፣ ኪራዩ ሲቋረጥ ግን ሱቁ ይታሸጋል። ዉኮሜርስ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ በነጻ የሚገኝና ዎርድፕሬስ ላይ የሚጫን ፕለጊን፣ ማለትም ተጨማሪ ፕሮግራም ነው። እሱን መጠቀም በሊዝ በተያዘ መሬት ላይ የራስን ቤት እንደ መሥራት ያለ ነው፤ ድረ ገጹ በሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ላይ ለሚያዘው ቦታ፣ ማለትም ለሆስቲንግ፣ በየዓመቱ ይከፈላል እንጂ ቤቱ የራስ ነው፣ ጣራው ሲያፈስም መሰላል የሚያወጣው ራሱ ባለቤቱ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ። የሾፒፋይ ዝቅተኛው መደበኛ የሱቅ ኪራይ በየወሩ ሲከፈል 39፣ የዓመቱ በአንድ ጊዜ ሲከፈል ደግሞ በወር ሲሰላ 29 የአሜሪካ ዶላር ነው። ይህን ከተራ የብር ሒሳብ መክፈል ስለማይቻል የውጭ ምንዛሪ ያለበት ካርድ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ያስፈልጋል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም የዶላር ዕዳ በብር ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ መናገር አይቻልም። የሾፒፋይ የራሱ የካርድ ክፍያ አገልግሎት ለኢትዮጵያ ነጋዴዎች ክፍት አይደለም። በሌላ የክፍያ አቅራቢ በኩል ሲሸጡ በዚሁ ዝቅተኛ ደረጃ ከእያንዳንዱ ሽያጭ 2 በመቶ ለሾፒፋይ ይቆረጣል፤ ዕቃው ሲደርስ በእጅ በሚከፈል ገንዘብ ላይ ይህ ተቆራጭ ባይኖርም እናንተ የምትሸሹት በእጅና በስክሪንሾት የሚደረገውን ግብይት ስለሆነ የሚያጽናና አይደለም።

ዉኮሜርስን ከጫኑት ጊዜ ጀምሮ የኢትዮጵያ ብር በገንዘብ ዓይነቶች ዝርዝር ውስጥ ተቀምጦ ያገኙታል። እንደ ቻፓ ያሉ የአገር ውስጥ የክፍያ አቅራቢዎችም ለዉኮሜርስ የተዘጋጀ ፕለጊን አላቸው። አሠራሩ የስክሪንሾቱን ችግር እንዴት እንደሚያስቀር ልግለጽልዎ። ደንበኛው በርኖሱን መርጦ ክፈል የሚለውን ሲነካ ወደ ክፍያ አቅራቢው ገጽ ይወሰዳል፤ እዚያ ለምሳሌ ቴሌብርን መርጦ በምስጢር ቁጥሩ ያጸድቃል፤ ክፍያው ሲሳካ አቅራቢው ለእናንተ ሱቅ ሰርቨር በቀጥታ መልእክት ይልካል፣ ትዕዛዙም ያን ጊዜ ብቻ ክፍያው መግባቱን ወደሚያሳየው ደረጃ ያልፋል። ደንበኛው የሚልክላችሁ ምስል በዚህ መንገድ ላይ ቦታ የለውም። እርስዎም ዕቃ የሚሰዱት በትዕዛዙ ዝርዝር ላይ የሚያዩትን ብቻ ተከትለው ይሆናል። አቅራቢዎቹ ውል ከመግባታቸው በፊት የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ስለሚጠይቁ፣ እነዚህ በእህትማማቾቹ ስም ካልወጡ ከድረ ገጹ ሥራ በፊት ይውጡ።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ዉኮሜርስ ነው። ከእህቶችዎ አንዷ ውጭ አገር ብትኖርና ዋናው ደንበኛችሁ እዚያው ቢሆን ኖሮ ሾፒፋይን ያለ ማመንታት እመክር ነበር። ፔይፓል የተባለውን የውጭ የክፍያ አገልግሎት በኢትዮጵያ አድራሻ ከፍቶ ክፍያ መቀበል የማይቻል፣ መሰሉ ስትራይፕም ለኢትዮጵያ ድርጅቶች ያልተከፈተ በመሆኑ ግን፣ ከመሐል ሜዳ ለሚነሳ ሱቅ የተለመደው የፈረንጆቹ ምክር አይሠራም።

በርኖስ ለሁለት ሰው የተሸጠበትን ጉዳይ በተመለከተ፣ በእጅ የሚሠራ ዕቃ እያንዳንዱ ለብቻው ነውና ለእያንዳንዱ በርኖስ የራሱን ገጽ ከፍተው በክምችት ቦታው ላይ 1 ብለው ይጻፉ። አንዱ ሲገዛው ለሌላው “አልቋል” ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ክፍያ ጀምሮ ያልጨረሰ ደንበኛ ዕቃውን ይዞት የሚቆየው ካልተቀየረ በስተቀር ለ60 ደቂቃ ነው፣ ከዚያ ትዕዛዙ ተሰርዞ በርኖሱ ለገበያ ይመለሳል። በቀጥታ የባንክ ዝውውር የሚለውን የክፍያ መንገድ ከፍተው ከተዉት ግን ትዕዛዙ በራሱ አይሰረዝም፤ እርስዎ በእጅዎ እስኪሰርዙት ድረስ በርኖሱ ታግቶ ይከርማል። ይህን መንገድ ቢዘጉት እወዳለሁ።

አማርኛውም የራሱ ጣጣ አለው። የዕቃውን ስም በአማርኛ ሲጽፉ ዎርድፕሬስ የገጹን አድራሻ ከዚያው ስም ይሠራዋል፤ ነገር ግን አንዷ የግዕዝ ፊደል በአድራሻ ውስጥ የመቶኛ ምልክትና ቁጥር የተቀላቀለባቸው 9 ምልክቶች ትሆናለች። የአድራሻው ወሰን 200 ምልክት ስለሆነ ከ22 ፊደል የረዘመ ስም መጨረሻው ይቆረጣል፤ ሊንኩን በቴሌግራም ሲልኩትም ደንበኛው ቫይረስ መስሎት ሳይነካው ያልፈዋል። የዕቃው ስም በአማርኛ ይሁን፣ የአድራሻውን ቦታ ግን በላቲን ፊደል በአጭሩ በእጅዎ ይሙሉት።

ከዚህ የሚብሰው ፍለጋው ነው። ደብዳቤዎ ላይ “ጸጉር” ብለው ጽፈዋል፤ አዲስ አበባ ያለ ደንበኛዎ “ፀጉር” ብሎ ቢፈልግ የሱቁ መፈለጊያ ምንም አላገኘሁም ይለዋል፣ ምክንያቱም ለኮምፒውተሩ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ እንደ በ እና እንደ ተ የተለያዩ ናቸው። “ብርድ ልብስ” ተለያይቶ የተጻፈውን “ብርድልብስ” ብሎ ገጥሞ የሚፈልግም እንደዚሁ አያገኘውም። መፍትሔው ያምራል ባልልም ይሠራል፤ በዕቃው መግለጫ ግርጌ ሁለቱንም አጻጻፍ ያስገቡ። ፊደል ጠንቃቃ የሆኑ አንባቢዎቻችን ይቅር ይበሉኝ፣ ሱቅ መዝገበ ቃላት አይደለም።

ስለ ፎቶግራፉ ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። ጥቁር በርኖስ ቤት ውስጥ በስልክ ፍላሽ ሲነሳ ጥቁር ጉድጓድ ይመስላል፤ ድሩና ማጉም የትከሻው ሹል አወጣጥም አይታይም። ጠዋት ፀሐይ ሳይከር ከግድግዳ ጥላ ሥር፣ ሰው ለብሶት ያንሱት። ርዝመቱን በክንድም በሴንቲ ሜትርም ይጻፉ። የስልክ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከ3 ሜጋ ባይት በላይ ስለሚሆን ሳይቀንሱ ከጫኑት በሞባይል ዳታ የሚገባ ደንበኛ ገጹ ሳይከፈትለት ይወጣል፤ ወደ 200 ኪሎ ባይት ገደማ ዝቅ ቢል ለዓይን ልዩነት የለውም።

ለማድረሻው ዉኮሜርስ ቁርጥ ዋጋ፣ ነጻና ከቦታው መረከብ የሚባሉ ሦስት መንገዶች አሉት። ዝተትና በርኖስ በክብደት ስለሚለያዩ ለየብቻ የማድረሻ ምድብ ያብጁላቸው፤ ከቦታው መረከብ የሚለውን ደግሞ በአውቶቡስ ለሚላከው ዕቃ “ከመናኸሪያ መረከብ” ብለው ሊሰይሙት ይችላሉ።

የመጨረሻው ነገር የኔትወርክ ጉዳይ ነው። ሰርቨሩ ሌላ ቦታ ስላለ መሐል ሜዳ መብራትም ሆነ መስመር ቢጠፋ ሱቁ ሥራውን ይቀጥላል፣ ትዕዛዝም ገንዘብም ይቀበላል፤ ባለቤቶቹ ግን አያዩትም። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ለሚኖር ለሚያምኑት ሰው የሱቅ አስተዳዳሪነት ፈቃድ ይስጡት፤ ይህ ፈቃድ ትዕዛዝ ለማየትና ለደንበኛ መልስ ለመስጠት ያስችለዋል፣ ፕለጊን ለመጫንና ለማጥፋት ግን አያስችለውም።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ልብስና አንሶላ እነግዳለሁ። በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ የጎረቤቴ ልጅ ከእነዚህ ከተለመዱት ሥርዓቶች ምንም ሳይጠቀም ድረ ገጹን ከመጀመሪያው በራሱ ኮድ ጽፎ ሊሠራልኝ ይፈልጋል። ዋጋውም ተመጣጣኝ ነው። ልፍቀድለት?

መልስ፦ ልጁን ያበረታቱት፣ ሱቅዎን ግን አይስጡት። የኦንላይን ሱቅ ገበታው ላይ ከሚታየው ይልቅ ጓዳው ይበዛል፤ ክምችት፣ ተመላሽ ዕቃ፣ በግማሽ የቀረ ክፍያ፣ የጠፋ የይለፍ ቃል፣ እነዚህን ሁሉ አንድ ወጣት ብቻውን ጽፎ ቢጨርሳቸው እንኳ ሌላ ከተማ ሥራ ባገኘ ማግሥት የሚረዳቸው ሰው አይኖርም። በዉኮሜርስ የተሠራን ሱቅ ግን ሌላ ባለሙያ ገብቶ ሊያስተካክለው ይችላል። የጎረቤትዎ ልጅ ኮድ የመጻፍ ፍላጎቱን እዚያው ላይ፣ የገጹን መልክ በመሥራት ሊወጣው ይችላል።

ከማንም ጋር ቢሠሩ ዶሜይኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ ስም፣ በእርስዎ ስምና በእርስዎ ኢሜይል ይመዝገብ። ይህን የምለው በራሴ ደርሶብኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዘመዶቼ ሱቅ ድረ ገጽ ያሠራሁት ባለሙያ ስሙን በራሱ ሒሳብ አስመዝግቦት ነበር፤ የዓመቱ ክፍያ ሲደርስ ሰውየው አገር ለቅቆ ሄዷል፣ ስልኩም አይሠራም። ሱቁ እንዳለ አድራሻው ጠፋ፤ በታተመው ካርድና በመኪናው በር ላይ በቀለም የተጻፈውን ሳይቀር በአዲስ ማስቀየር ግድ ሆነብን። በነጥብ ኢቲ የሚያልቀውን ስም የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ በዶት ኮም የሚያልቀውን ከፈለጉ ደግሞ በብር ከሚያስከፍሉ የአገር ውስጥ ሻጮች መግዛት ይቻላል። የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፈው ከንግድ ፈቃድዎ ጋር ያስቀምጡት። የሱቁ ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂውም፣ በየሳምንቱ ከሰርቨሩ ውጭ፣ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ይውረድ።

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ቆልቼ ለመንገደኛ እሸጣለሁ። አሁን አዲስ አበባ ያሉ ደንበኞቼ በስልክ እያዘዙኝ በመኪና እልካለሁ። እኔም ድረ ገጽ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ አያስፈልግዎትም፣ ቢያንስ ለጊዜው። የሚሸጡት ዓይነት ሦስት ወይም አራት ነው፣ ደንበኛዎም በስም ያውቅዎታል። አንድ የቴሌግራም ቻናል ከፍተው የየዓይነቱን ዋጋ በኪሎ ከላይ ይለጥፉት፣ ቴሌብር ላይም የነጋዴ ሒሳብ ያውጡ። ገንዘብ መግባቱን ደንበኛው በሚልከው ምስል ሳይሆን ወደ ስልክዎ በሚመጣው መልእክትና በሒሳብዎ ቀሪ ብቻ ያረጋግጡ። በቀን የሚመጣውን ትዕዛዝ በደብተር መያዝ ሲያቅትዎ እንደገና ይጻፉልን። እስከዚያው ግን ለድረ ገጽ ሊያወጡት ባሰቡት ብር ማሸጊያና የታሸገበት ቀን የሚጻፍበት ወረቀት ይግዙበት፤ አዲስ አበባ የደረሰ ቆሎ መቼ እንደተቆላ ደንበኛው ማወቅ ይፈልጋል።