ሕፃኑ እያለቀሰ ጡት ሲገፋ

«የ3 ሳምንት ልጄ እያለቀሰ ጡቴን ይገፋል፤ ወተቴ አንሶ ይሆን?» ላልሽው፦ አንዱ የተለመደ ምክንያት ጡት ሳይሰጡት መዘግየት ነው። ለቅሶ የረሃብ የመጨረሻ ምልክት ነው። አምርሮ ያለቀሰ ልጅ ጡት መያዝ ያቅተዋል። መጀመሪያ ደረትሽ ላይ አስተኝተሽ አረጋጊው፣ ከዚያ ስጪው።

ለወደፊቱ ሳያለቅስ ቅደሚው። እጁን ወደ አፉ ይወስዳል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ አፉን ከፍቶ ጭንቅላቱን ወዲያ ወዲህ ያዞራል። ያኔ አጥቢው። ጠግቦ ሲረካ የተጨበጠው እጁ ይፈታል።

ፊቱን ካዞረና ጣቶቹን ከበተነ ግን ደክሞታል። አራስ ጠያቂ ሲበዛ ይሄ ይብሳል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። የመጀመሪያ ልጄ እንቅልፍ ሲያበዛ «ጨዋ ልጅ» ብለን ደስ አለን፤ ለካ በደንብ አልጠባም ነበር። ለመጥባት የማይነቃ ከሆነ፣ በቀን ከ6 ያነሰ ዳይፐር ካረጠበ ወይም ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ወዲያውኑ ሐኪም ጋ ውሰጂው።