አውሎ ነፋሱ ወዴት ያመራል? ጥያቄና መልስ

ኦክቶበር ሲገባ የዐረብ ባሕር ሁለተኛው የአውሎ ነፋስ ወቅት ይጀምራል። የአትላንቲኩም ገና አላበቃም። ስለዚህ ከሳላላና ከሙስካት፣ ከጅቡቲ፣ ከድሬዳዋ፣ ከሂውስተንና ከፍሎሪዳ ጥያቄው ይበዛል። የአየር ትንበያ ሥራዬ ስለሆነ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። ቀኑም ዓመቱም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል፤ ያላችሁበት አገር ባለሥልጣን «ውጡ» ካላችሁ የእኔን መልስ አትጠብቁ።

ከሳላላ፦ አፑ ላይ ያለው ቀይ መስመር ከከተማችን 200 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው የሚያልፈው። ተርፈናል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። መስመሩ የሚያሳየው የአውሎ ነፋሱን መሀል፣ ዐይኑን ብቻ ነው። ዝናቡ ከዐይኑ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ሊወርድ ይችላል። መስመሩ ራሱም ቢሆን አንድ ቦታ አይቆምም፤ ዛሬ ከእናንተ የራቀው ነገ በራሳችሁ ላይ ሊሆን ይችላል።

ሃርቪ የተባለውን አውሎ ነፋስ ተመልከት። በኦገስት 2017 የገባው ሮክፖርት በምትባል ትንሽ የቴክሳስ ከተማ በኩል ነው። ሂውስተን ከዚያ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ነፋሱ እዚያ ሳይደርስ ብዙ ሰው ተረፍን ብሎ ነበር። ከዚያ አውሎ ነፋሱ መንገዱን ትቶ ለቀናት እዚያው አካባቢ ዞረ፣ ዘነበ። ኔደርላንድ በምትባል ከተማ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ተለካ። አዲስ አበባ በዓመት የምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክረምቱም በልጉም ተደምሮ ማለት ነው። እነሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከዚያ በላይ ወረደባቸው።

ከታምፓ፦ ቲቪ ላይ የሚያሳዩን ነጩ ኮን ምንድን ነው? እየሄደ ለምን ይሰፋል? አውሎ ነፋሱ እየተለቀ ነው?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ኮኑ ስለ አውሎ ነፋሱ ስፋት ምንም አይናገርም። የሚሰፋው የእኛ አለማወቅ ነው። ማያሚ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል ባለፉት 5 ዓመታት ትንበያው ምን ያህል እንደሳተ ያሰላል። በዚያ ልክ ክብ ይሠራል። ለነገ የሚሠራው ክብ ከመሀሉ እስከ ጠርዙ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለ5ኛው ቀን የሚሠራው ወደ 400 ይደርሳል። ክቦቹ ሲያያዙ ኮኑ ይወጣል።

ክቦቹ የሚሠሩት ከሦስት ጊዜ ሁለቱን መሀሉ እዚያው እንዲገኝ ሆነው ነው። ይህን ገልብጣችሁ አስቡት። ከሦስት አንዱን ጊዜ ይወጣል። ሕጉ ይህ ነው፤ ባለሙያው ተሳሳተ አይባልም። ኮኑ ዳር ላይ ያለ ሰው፣ ከኮኑ ትንሽ ወጣ ብሎ ያለውም ሰው፣ መዘጋጀት አለበት የምለው ለዚህ ነው።

አንተ ያለህበት ከተማ ታሪክ ምሳሌ ይሆናል። በሴፕቴምበር 2022 ኢያን ሲመጣ፣ የመሀሉ መስመር ለቀናት ወደ ታምፓና ከዚያም በስተሰሜን ያመለክት ነበር። በ28ኛው ቀን የገባው ግን ከታምፓ በስተደቡብ፣ ካዮ ኮስታ በምትባል ደሴት በኩል ነው። ፎርት ማየርስ ቢች ላይ ባሕሩ ተነሥቶ ቤቶችን ከነመሠረታቸው ጠረገ። በጠቅላላው ከ150 በላይ ሰው አለቀ። ካርታው ላይ መስመሩን እንጂ ስፋቱን ያላየ ሰው ብዙ ነበር። እኔ ብችል ያንን የመሀል መስመር ከቲቪ ላይ አጠፋው ነበር።

ከጅቡቲ፦ ሳይንሱ እዚህ ደርሶ እንዴት መንገዱን ማወቅ ያቅታል?

መልስ፦ አውሎ ነፋስ በራሱ ብዙም አይሄድም። ወንዝ ላይ እንደወደቀ ቅጠል ነው፤ ዙሪያውን ያለው ትልቅ ነፋስ ነው የሚወስደው። አንዱ ከፍተኛ ግፊት ያለው አየር ወደ ምዕራብ ሲገፋው፣ ሌላው ወደ ሰሜን ሊስበው ይችላል። በሁለቱ መሀል ከወደቀ ይዘገያል፣ ይንቀረፈፋል። ያኔ ሞዴሎቹ፣ መንገዱን የሚያሰሉት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች፣ አይስማሙም።

በጁን 2023 ቢፐርጆይ የሆነው እንዲህ ነው። ዐረብ ባሕር ውስጥ ከተነሣ በኋላ አንዱ ሞዴል ወደ ኦማን፣ ሌላው ወደ ፓኪስታን፣ ሌላው ወደ ሕንድ ወሰደው። ወደ 10 ቀን የሚጠጋ ባሕር ላይ ቆየ። በመጨረሻ ጁን 15 ሕንድ ውስጥ፣ ጉጃራት ገባ። እዚያ ከ100 ሺህ የሚበልጥ ሰው አስቀድሞ ወጥቶ ነበር።

ለዚህ ነው ትልልቆቹ ማዕከላት አንድ ጊዜ ብቻ የማያሰሉት። የአውሮፓው ማዕከል መነሻውን ትንሽ ትንሽ እየለዋወጠ 51 ጊዜ ያሰላል። 51ዱ መስመሮች ተጠጋግተው ከሄዱ፣ ትንበያው ጠንካራ ነው። እንደተበተነ ክር ከተለያዩ ግን፣ ማንም «እዚህ ነው የሚገባው» ቢላችሁ አትመኑት።

ከሙስካት፦ ዊንዲ አፕን ማመን ይቻላል?

መልስ፦ ጥሩ የአየር ትንበያ አፕ ነው። ግን የምታየው የአንድ ሞዴል አንድ ስሌት ነው። ከታች የሞዴሉን ስም መቀየሪያ አለ። ከአውሮፓው ወደ አሜሪካው ቀይረው፤ አውሎ ነፋሱ ቦታ ሲቀይር ታያለህ። ያ ልዩነት ራሱ መረጃ ነው። ከ7 ቀን በኋላ የሚያሳየውን ቀይ ክብ ግን ስክሪንሾት አድርገህ ለቤተሰብ አትላክ። ሰው በከንቱ ይጨነቃል፤ ሁለተኛ ጊዜ እውነተኛው ሲመጣ ደግሞ አይሰማም።

ከሻርጃ፦ የዐረብ ባሕሩ ትንበያ ከአትላንቲኩ ይልቅ የሚዋዥቀው ለምንድን ነው?

መልስ፦ አትላንቲክ ላይ አውሮፕላን አውሎ ነፋሱ ዐይን ውስጥ ይገባል። መለኪያ መሣሪያ ይጥላል፤ ግፊቱን፣ ነፋሱንና እርጥበቱን ከውስጥ ይለካል። ዐረብ ባሕር ላይ እንዲህ ያለ መደበኛ በረራ የለም። ኃይሉ በአብዛኛው የሚገመተው ከሳተላይት ፎቶ፣ ከደመናው ቅርጽ ነው። የአካባቢው ኃላፊነት ያለበት ማዕከል ኒውዴልሂ ነው፤ ስምም የሚሰጠው እሱ ነው።

መንገዱን መተንበይ ባለፉት ዓሥርት ዓመታት በጣም ተሻሽሏል። ኃይሉን መተንበይ ግን አሁንም ይከብዳል። በኖቬምበር 2020 ጋቲ ሶማሊያ ከመግባቱ በፊት በአንድ ቀን ውስጥ ከደካማ ወደ እጅግ ኃይለኛ ተቀየረ። ሐፉን አካባቢ ሲገባ ሶማሊያን ከመቱት ተመዝግበው ካሉት ሁሉ ኃይለኛው ነበር። ማታ ቀላል ነው ተብሎ የተኛ ሰው ጠዋት ሌላ ነገር ያገኛል።

ከድሬዳዋ፦ እኛ ጋ ይደርሳል? ኢትዮጵያ ባሕር የላት፣ ምን ያገባናል?

መልስ፦ በጣም ያገባናል።

አውሎ ነፋስ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቀ ባሕር ነው፤ ውኃው 26 ወይም 27 ዲግሪ መድረስ አለበት። የብስ ላይ ሲወጣ ይደክማል፤ ተራራ ሲያገኝ ደግሞ ይፈርሳል። ስለዚህ ዐይኑ ሐረር ላይ አይቆምም። ዝናቡ ግን ይደርሳል። በሜይ 2018 ሳጋር የኤደን ባሕረ ሰላጤን ይዞ ወደ ምዕራብ ሄደ። ሜይ 19 ከጅቡቲ ድንበር ብዙ ሳይርቅ ሶማሌላንድ ገባ። በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ ከተመዘገቡት ውስጥ እንደ እሱ ወደ ምዕራብ ዘልቆ የገባ የለም። ነፋሱ ካታጎሪ 1 እንኳ፣ የሃሪኬን ዝቅተኛው ደረጃ፣ አልደረሰም። ጎርፉ ግን ሶማሌላንድ ውስጥ በደርዘን የሚቆጠር ሰው ገደለ፣ ጅቡቲ ከተማን አጥለቀለቀ፣ እስከ ሶማሌ ክልልም ዘለቀ። ለደረቅ አገር አንድ ሌሊት የሚወርድ ዝናብ ከነፋሱ ይከፋል። ለድሬዳዋ ሰው የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ ማስታወስ አያስፈልገኝም።

ሁለተኛው ጣጣ ዘግይቶ ነው የመጣው። ሳጋር ካለፈ በሳምንቱ መኩኑ ሳላላ አጠገብ ገባ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሉባን ተከተለ። ሩብ አል ኻሊ የሚባለው ሰፊ በረሃ ውስጥ ውኃ ተኛ፤ አሸዋው ላይ ሣር በቀለ። የበረሃ አንበጣ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ለዕንቁላሉ እርጥብ አሸዋ፣ ለልጆቹ ለምለም። ሰው በማይደርስበት ቦታ ሦስት ትውልድ ተራባ። በየመን አድርጎ በ2019 እኛ ጋ ደረሰ። ዲሴምበር ላይ ፓዋን ሶማሊያን ሲመታ ደግሞ መንጋው ሌላ መራቢያ አገኘ። የራያና የወሎ ገበሬ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ጅራፍ እያጮኸ ማሽላውንና ጤፉን ሲጠብቅ የነበረው፣ ዓመት ከመንፈቅ ቀድሞ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የወረደውን ዝናብ መዘዝ ነው። ስለዚህ የኦማን አውሎ ነፋስ ዜና ሲወራ ለግብርና ሚኒስቴርም ዜና ነው ብዬ አምናለሁ።

ከደሴ፦ የሞዛምቢኩስ? እሱም ይነካናል?

መልስ፦ ይነካናል፤ ግን በተቃራኒው። ማዳጋስካርና ሞዛምቢክ አካባቢ አውሎ ነፋስ በሚበዛባቸው ዓመታት የእኛ የበልግ ዝናብ የመቀነስ አዝማሚያ አለው። እርጥበቱ ወደ ደቡብ ይሳባል። በማርች 2019 ኢዳይ የሞዛምቢኳን ቤይራ ከተማ ባወደመበት ጊዜ የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ዘግይቶ ነበር። በልግ ላይ ለሚተማመን ገበሬ ይህ ትልቅ ምልክት ነው።

ከጅዳ፦ በክረምት ወራት ለምን ዐረብ ባሕር ላይ አይነሣም?

መልስ፦ ጁላይና ኦገስት ላይ ከሶማሊያ ጠረፍ ኃይለኛ ነፋስ ይነፍሳል። የታችኛውና የላይኛው ነፋስ አቅጣጫ ስለሚለያይ፣ ደመናው ገና ሳይቆም ይበታተናል። ስለዚህ ወቅቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ከክረምቱ በፊትና ከክረምቱ በኋላ።

ከሂውስተን፦ ሁለት ልጆች አሉኝ። ትንበያው እርግጠኛ ካልሆነ መቼ ነው መውጣት ያለብኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ቤትሽ በየትኛው የመውጫ ዞን እንዳለ ዛሬውኑ እይ። ዞኑ የተሠራው ባሕሩ ሊደርስበት የሚችለውን ቦታ ይዞ ነው። ዞን ውስጥ ከሆንሽ ትእዛዙ እንደወጣ ሂጂ። ዞን ውስጥ ካልሆንሽና ቤትሽ ጎርፍ የማያውቀው ጠንካራ ቤት ከሆነ፣ መቆየት ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ይህን የምልሽ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2005 ሪታ ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ባንድ ጊዜ ከከተማሽና ከአካባቢው ወጣ። መንገዱ ተዘጋ፣ ቤንዚን አለቀ፣ ሙቀቱ በረታ። በጉዞው ብቻ ወደ 100 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ሪታ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ሉዊዚያና ድንበር ላይ ገባ። በጁላይ 2024 የቤሪል ነገር የዚህ ግልባጭ ነበር። ከቀናት በፊት ወደ ሜክሲኮና ደቡብ ቴክሳስ ነበር የሚያመለክተው። ከዚያ ወደ ሰሜን ታጠፈና በማታጎርዳ ገባ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ቤትና ድርጅት በዚያ ሙቀት መብራት አጣ።

እና አደራ፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ቤትም ጋራዥም ውስጥ አይነሣም። ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። ከሰልም እንደዚያው ነው፤ ለቡናም ቢሆን ቤት ዘግቶ አይነደድም። ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ከአዲስ አበባ፦ እህቴ ሰሜን ኦማን፣ ሱወይቅ አካባቢ ሰው ቤት ትሠራለች። ዐረብኛ ማንበብ አትችልም። ዜናው በመጣ ቁጥር እንቅልፍ የለኝም። ምን ልበላት?

መልስ፦ ጭንቀትሽ ይገባኛል። በኦክቶበር 2021 ሻሂን የገባው በዚያው ጠረፍ ነው። በዚያ ሌሊት ሰው የገደለው በዋናነት ውኃና የተናደ አፈር ነው።

አሁን፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ደውይላትና ጥቂት ነገር አጣሪ። የምትተኛው ምድር ቤት ነው ወይስ ፎቅ? ምድር ቤት ከሆነ አውሎ ነፋሱ በሚመጣበት ሌሊት ፎቅ ወጥታ ማደር አለባት። የደረቀ የወንዝ መውረጃ፣ ዋዲ የሚሉት፣ ከቤቱ ምን ያህል ይርቃል? ዋዲ ፀሐይ እያለም በድንገት ሊሞላ ይችላል፤ ተራራ ላይ ዘንቦ ይሆናል። ጉልበት የማይደርስ፣ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሮጥ ውኃ አዋቂ ሰው ይጥላል። 60 ሴንቲ ሜትር መኪና ይወስዳል። ስለዚህ ማንም «ነይ እንሻገር» ቢላት እምቢ ትበል።

ስልኳ ይሞላ፤ ፓስፖርቷ ወይም ፎቶው በላስቲክ ይጠቅለል። የኦማን የአስቸኳይ ጊዜ ቁጥር 9999 ነው፤ ወረቀት ላይ ትጻፈው። የሰፈሩን ስም በቃሏ ትያዝ፤ ፖሊስ የሚጠይቃት መጀመሪያ እሱን ነው። አሠሪዎቿንም ደፍራ ትጠይቅ፦ «አውሎ ነፋስ ቢመጣ የት ነው የምንሄደው?» ብላ። እሷም የቤቱ ሰው ናት፤ መልስ ይገባታል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ትንበያው በስንት በስንት ሰዓት ይታደሳል? ስልኬን ስነካካ ነው የምውለው።

መልስ፦ የአሜሪካው በየ6 ሰዓቱ ይወጣል፤ የጠረፍ ማስጠንቀቂያ ሲኖር በመሀሉ በየ3 ሰዓቱ አጭር መግለጫ ይጨመራል። ኒውዴልሂም አውሎ ነፋሱ ስም ካገኘ በኋላ በየ3 ሰዓቱ ታወጣለች። በመሀሉ የምታየው አብዛኛው የሰው ግምት ነው። አዲሱ ሲወጣ ከበፊቱ ጋር አስተያየው፤ መስመሩ በተከታታይ ወደ አንድ ወገን እየሸሸ ከሆነ፣ በዚያ ወገን ያለ ዘመድህን ያኔውኑ ደውልለት።