ወረቀቱ «ሲአይኤን 2» ይላል፤ ካንሰር ነው?

ጥያቄ፦ 36 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ነው። በአቼቶ ሲመረምሩኝ የማህፀን በሬ ላይ ነጭ ነገር ታየ ተብሎ ናሙና ተወሰደልኝ። ውጤቱ «ሲአይኤን 2» ይላል። ጎረቤቶቼ «ካንሰር ነው፣ ማህፀንሽ ይወጣል» አሉኝ። ባለቤቴንም ጠረጠርኩት። ያለኝ አንድ ልጅ ነው፤ መድገም እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ካንሰር አይደለም፤ ቅድመ ካንሰር፣ ማለትም ካልታከመ ወደ ካንሰር ሊያድግ የሚችል የሴሎች ለውጥ ነው። ችላ የሚባል ግን አይደለም።

የማህፀን በርን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። ቁጥሩ የሚናገረው የተለወጡት ሴሎች ከሥር ተነስተው የሽፋኑን ምን ያህል እንደያዙ ነው፤ 1 የታችኛውን ሲሶ፣ 2 እስከ ሁለት ሲሶ፣ 3 ከዚያ በላይ ወይም ሙሉውን። ካንሰር የሚባለው ሴሎቹ የሽፋኑን ወለል በስተው ወደ ታች ሲገቡ ብቻ ነው። 1 አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ስለሚጠፋ በክትትል ይታለፋል። 2ም ሊጠፋ ይችላል፤ በእርስዎ ዕድሜ ግን ብዙውን ጊዜ ይታከማል።

ባለቤትዎን በዚህ ወረቀት አይክሰሱ። ለውጡን የሚያመጣው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ነው። ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ስለሚቆይ፣ ከማን እና መቼ እንደመጣ የትኛውም ምርመራ አይነግርዎትም፤ ከትዳራችሁ በፊትም ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ደረጃ ማህፀን ማውጣት የመጀመሪያ ሕክምና አይደለም። የተለመደው ሊፕ ነው፤ ቦታው ይደነዝዝና በኤሌክትሪክ በሚግል ቀጭን የሽቦ ቀለበት የታመመው ክፍል ተቆርጦ ይወጣል። ያኔውኑ ወደ ቤትዎ ይመለሳሉ። ከመጀመሩ በፊት መውለድ እንደሚፈልጉ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ከሊፕ በኋላ ያለጊዜው የመውለድ ዕድል በመጠኑ ይጨምራል፣ ቁራጩ በጠለቀ ቁጥርም ከፍ ይላል። እርግዝና ከጠረጠሩ አስቀድመው ይመርመሩ።

ደም ለማቆም የሚቀባው መድኃኒት ለጥቂት ቀናት የቡና አተላ የመሰለ ፈሳሽ ያመጣል፤ አይደንግጡ። ለ4 ሳምንት ግንኙነት አያድርጉ፣ በውስጥ በኩል ውሃም ሆነ ቅጠል አያስገቡ። አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት የሚያርስ ደም፣ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ካለ ግን ሳያድሩ ይሂዱ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ተቆርጦ የወጣውም ወደ ፓቶሎጂ (ናሙና በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል) ይላካል፣ ውጤቱን ግን ሳይወስዱ ይቀራሉ። ተመልሰው ይጠይቁ፤ «ጠርዙ ነጻ ነው?» ይበሉ፤ በቁራጩ ጠርዝ ላይ የተለወጡ ሴሎች የሉም ወይ ማለት ነው። ነጻ ካልሆነ የተረፈ ነገር ሊኖር ስለሚችል ክትትሉ ይጠናከራል። ነጻ ቢሆንም በ1 ዓመት ውስጥ እንደገና መመርመር ያስፈልጋል። ኤችአይቪ ተመርምረው የማያውቁ ከሆነም አሁን ይመርመሩ፤ ኤችአይቪ በደም ውስጥ ካለ ቅድመ ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል።

ወረቀቱን ይዘው በዚህ ሳምንት ናሙናውን ወደወሰደልዎት ክፍል ይሂዱ። እዚያ ሊፕ ከሌለ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሪፈር ወረቀት ያስጽፉ።